ዓሣው ወደ መናፈሻው የገባ ዕለት

ከቤታችን በታች ወደ ጣና የሚወርድ ወንዝ ነበር። ወንዝ ማለቴ ለክብሩ ነው፤ እኔ ተድሬ ባሕር ዳር ስገባ ያገኘሁት የቆሻሻ መውረጃ ሆኖ ነው። በንጉሡ ጊዜ የተተከለ መናፈሻን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያልፋል። ከመናፈሻውም የቀረው ጥቂት ዛፍና እግሩ የተሰበረ የሲሚንቶ አግዳሚ ነበር። በዚያ የሚያልፍ ሰው አፍንጫውን በነጠላው ይይዛል።

ያን ወንዝ ያስጠረገን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው። ከጣና ማዶ ያለችው የደልጊ ተወላጅ፣ ቀጭን፣ ጥርሱ የማይታይ ሰው ነበር። እሑድ እሑድ በጥሩምባ ያስወጣናል። የቀረ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳርና ሳሙና ስለማይሰጠው ማንም አይቀርም። ወንዙን የወረረውን የደንገል ሣር እያጨድን፣ ጭቃውን በአካፋ እየዛቅን ሁለት በጋ ሠራን። እሱም ሱሪውን ጠቅልሎ ጭቃው ውስጥ ከእኛ ጋር ይገባ ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም።

አንድ እሑድ አጠገቤ ሲቆፍር ቀና አለና፣ "ውኃው ከጠራ በክረምት ዓሣ ይገባበታል" አለኝ።

"ዓሣ ከሐይቅ ወጥቶ ወንዝ ለወንዝ ይሄዳል እንዴ?"

"ለመውለድ ይሄዳል። እኛ አገር ልጆች ሆነን ዳር ቁመን እናየው ነበር።"

ይህን ሲናገር ፊቱ ፈታ አለ። እኔም ደስ አለኝ፤ ግን ቶሎ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ከእሱ ጋር ስትስቂ ታየሽ እንዳልባል ፈራሁ።

ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቴ ባል የሞተባቸው ሴት ነበሩ። አንድ ልጅ ነበራቸው። ለብሔራዊ ውትድርና ስሙን ያስተላለፈው ይኸው ሊቀመንበር ነው። ልጁን ሊወስዱት የመጡ ዕለት እናቱ ግቢው ውስጥ፣ "ሌላ የለኝም፤ እባካችሁ ሌላ የለኝም" እያሉ ሲለምኑ እኔና ባለቤቴ በራችንን ዘግተን ተቀምጠን ሰማን። ሌላውም ጎረቤት በሩን ዘግቶ ነበር። ልጁ ወደ ሰሜን ሄደ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። እኔ በማግስቱ እንጀራ ይዤላቸው ገባሁ እንጂ ስለ ልጁ ቃል አልተነፈስሁም።

ዓሣው የገባው በፍልሰታ ጾም ነው። ሌሊቱን ከባድ ዝናብ ሲጥል አድሮ ነበር። በምሠራበት ፋብሪካ የማታ ፈረቃ ስለነበርሁ ቀን ቀን አስቀድስ ነበር። ያን ዕለት ከቀትር በኋላ ከቅዳሴ ወጥተን ከጎረቤቴ ጋር ስንመለስ መናፈሻው ውስጥ ሰው ተሰብስቦ አየን። ቀርበን ብናይ ወንዙ በዓሣ ተሞልቷል። ነጭ ዓሣውና አምባዛው እየተጋፋ፣ ጀርባው ከውኃው ወጥቶ፣ ሽቅብ ይታገላል። ውኃው ቢበዛ ከጉልበት አያልፍም።

መጀመሪያ ሁላችንም ዳር ላይ ቁመን አየን። "እኛ የጠረግነው ወንዝ እኮ ነው" አለ ከኋላዬ አንዱ። ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበር። እኔም እንደሱ ኮራሁ።

ከዚያ አንድ ሰው ገባና አንዱን በእጁ አወጣ። ሌላው ተከተለው። ትንሽ ቆይቶ ቅርጫት መጣ፣ ሳፋ መጣ። ዳር ላይ ዓሣው በዱላ እየተመታ መከመር ጀመረ።

ሊቀመንበሩ እየሮጠ ደረሰ። ሽጉጡ ወገቡ ላይ ነበር፤ አላወጣውም። ጫማውን እንዳደረገ ውኃው መሐል ገብቶ እጆቹን ዘርግቶ ቆመ።

"ተዉ፣ ዕንቁላል ይዘዋል። ይውለዱና ይመለሱ" ይላል። የሚሰማው የለም። ያ ሰው ሲለምን አይቼው አላውቅም። ዞር ሲል ጎረቤቴን ዳር ላይ ቁመው አያቸው። ከነበርነው ሁሉ በዕድሜ ትልቋ እሳቸው ነበሩ።

"እናቴ፣ እርስዎ እንኳ ይንገሯቸው። ሊወልዱ ነው እኮ የመጡ።"

እሳቸው ትክ ብለው አዩት።

"እኔም ወልጄ ነበር" አሉት፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ።

ሊቀመንበሩ እጆቹን አወረደ። ከውኃው ወጣና ማንንም ሳያይ፣ ጫማው ውኃ እያንጠባጠበ ሄደ። ጎረቤቴም ነጠላቸውን አጣፍተው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ዓሣ አልነኩም።

እሳቸው የተናገሩት ስለ ልጃቸው ነበር። እኛ ግን እንደ ፈቃድ ቆጠርነው። "ደግ አደረጉ፣ የእጁን ነው ያገኘ" እያለ የቀረውም ሰው ገባ። ልጃቸው ሲወሰድ ያ ሁሉ ሰው የት ነበር? እኔስ የት ነበርሁ? ያን ሰው በአንድም ነገር እምቢ ብለነው አናውቅም፤ እምቢ ያልነው ዓሣውን ተዉ ሲለን ነው። እኔም ቅዳሴ የዋልሁበትን ነጠላ ከትከሻዬ አውርጄ፣ ከአንዲት የማላውቃት ሴት ጋር ጫፍና ጫፉን ይዘን ውኃው ውስጥ ዘረጋነው።

ቤት ገብቼ የያዝሁትን ዓሣ ሆዱን ስቀደው ዕንቁላሉ ገበቴው ላይ ፈሰሰ፤ ቢጫ ነው፣ እንደ ጤፍ የደቀቀ። ባለቤቴ አየና እሳቱን አቀጣጠለ። ጠበስሁት፣ በላን፣ ጣፈጠን። ለጎረቤቴም በሳህን ይዤላቸው ሄድሁ።

"ልጄ፣ እኔ ፍልሰታን ዓሣ አልቀምስም" አሉኝ።

ስለ ልጃቸው ልጠይቃቸው፣ ያን ዕለት በሬን ስለ መዝጋቴ አንድ ነገር ልላቸው አፌን ከፈትሁ። እሳቸው ግን፣ "ይቀዘቅዝብሻል፣ ግቢ" ብለው በሩን ቀስ አድርገው መለሱት። ሳህኑን ይዤ ግቢው መሐል ቆምሁ።

ማታ ሥራ ገብቼ ማለዳ ስመለስ መናፈሻው ሌላ ቦታ መስሎ ቆየኝ። ሰው ዓሣውን እዚያው እየበለተ ሆድ ዕቃውን ወንዙ ውስጥ ጥሎት ነበር። ያ የድሮው ግማት ተመልሷል። ሊቀመንበሩ ብቻውን ሱሪውን ጠቅልሎ በአካፋ ያወጣል። ጥሩምባ አላስነፋም፣ ማንንም አልጠራም። ሄጄ ላግዘው ይገባኝ ነበር። ቀና ሳይል በፊት በላይኛው መንገድ ዞሬ ወደ ቤቴ ገባሁ።

በዓመቱ ሊቀመንበሩን ወደ ሌላ አገር አዛወሩት። ክረምቱ ገባ፣ ዝናቡም ዘነበ። ከሰው ጋር ተሰልፌ ከመናፈሻው በላይ ባለው የወንዙ ድልድይ ላይ ቆሜ አየሁ፤ ሦስት አራት ዓሣ ቢመጣ ነው። ዳር ላይ የነበሩት ሰዎች ቅርጫት ይዘው ነበር።