ዶርም ውስጥ አትግደርደሩ

ዛሬ ጠዋት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ፣ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ የሆነ ልጅ ብርድ ልብሷን ጠቅልላ ወደ እነዋሪ ከተማ የሚሄድ መኪና ስትጠብቅ አገኘኋት።

«አሞሽ ነው?» አልኳት።

«አይ ጋሼ። የዶርም ልጆች አይወዱኝም፤ ወደ ቤቴ ልመለስ ነው።»

ሰድበዋት ወይ መትተዋት መስሎኝ ደነገጥኩ። «ምን አደረጉሽ?»

«ከቤት ያመጡትን በሶ ጨብጠው ሲበሉ ‹ነይ እንብላ› ይሉኛል። ‹በልቻለሁ› ስላቸው ዝም ብለው ይበላሉ።»

ልስቅ ብዬ ፊቷን ሳይ ተውኩት። እናቷ ያሳደገቻት «በሞቴ» እየተባለች ሁለት ሦስቴ ካልተለመነች እንዳትቀርብ ነው። የዶርሟ ልጆች ደግሞ «በልቻለሁ» ያለ ሰው የበላ ይመስላቸዋል። ዩኒቨርሲቲው ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ግማሽ ቀን ገለጻ ይሰጣል፤ ስለዚህ ጉዳይ ግን የሚመለከተው ክፍል የለውም።

አዲስ የገባችሁ ልጆች፣ «እንብላ» ስትባሉ እጃችሁን ታጥባችሁ ቅረቡ። ሁለተኛ የሚለምን የለም። ነባሮችም ብትሆኑ፣ አንዴ ብትደግሙላቸው በሶው አያልቅባችሁም።

ይህንኑ ለእሷም ነገርኳት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። ረዳቱ «እነዋሪ፣ የቀረው አንድ ሰው!» ሲል ግን ተነሳች።

«ይቅርብሽ፣ ወደ ግቢ ተመለሺ» አልኳት።

«አይ ጋሼ፣ ልሂድ።»

እሺ ብዬ ብርድ ልብሷን አቀበልኳት።

የለመንኳት አንዴ ብቻ መሆኑ የገባኝ መኪናው ከወጣ በኋላ ነው።

እናንተስ ያኔ አዲስ ሳላችሁ፣ «አይ» ስትሉ ማን ደገመላችሁ?