በረዶ ሥር የከረመው ቁልቋል

ዛሬ ጠዋት ከእናቴ ቤት ያመጣሁትን የቁልቋል ሳክሲያ ሳዞር ጣቴን እሾህ ወጋኝ። ፀጉር የሚያህል ነው፤ መኖሩ የሚታወቀው ሌላ ነገር ሲነኩበት ብቻ ነው። ወዲያው በልጅነቴ የኖርንበት የኢስት ዮርኩ ቤት ስልክ ጆሮዬ ላይ ጮኸ።

ዘመኑ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከእናቴ ጋር ከአንድ ቤት ሥር፣ ቤዝመንት ውስጥ እንኖር ነበር። ከላይ የሚኖሩት የቤቱ ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ፣ ደጅ ከግድግዳው ሥር ድንጋይ መሀል ቁልቋል ተክለዋል። እናቴ በለስ እየበላች ነው ያደገችው፤ እዚህ ብርድ አገር ስታየው ሳቀች። ሐምሌ ላይ ቢጫ አበባ ሲያወጣ ግን ሳቋን ተወች። ነገርን ሁሉ በምልክት የምታይ ሴት ነበረች። ታናሽ ወንድሟ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቶ ነበርና፣ "ይሄ ከከረመ እሱም ይተርፋል" አለች።

ኅዳር ሲገባ መዳፍ የሚያካክሉት ቅጠሎች ተጨማደዱ፣ ወይን ጠጅ መሰሉ፣ አንድ በአንድ መሬት ላይ ተኙ። እናቴ ውሃ ላጠጣው፣ ቤት ላስገባው ብላ ተነሳች። ሽማግሌው እጃቸውን አወዛወዙ። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ።

"ውሃውን ራሱ ነው የሚያወጣው፤ ከያዘው በረዶው ያፈነዳዋል። ተኝቷል፣ አትንኩት ነው የሚሉት።"

"አንቺስ ምን ትያለሽ? ሞቷል?"

"አልሞተም፣ እማዬ።"

አፌ ላይ የመጣልኝን ነው ያልኩት እንጂ ምን አውቄ።

አንድ ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ስልኩ ጮኸ። የእናቴ ጓደኛ ነበረች። እናቴ ሥራ ናት አልኳት። የማሞቂያው ቧንቧ ሲንኳኳ ይሰማኛል።

"አጎትሽ አርፏል" አለችኝ። "ሽማግሌዎች ይዤ ቅዳሜ ማለዳ መጥተን እናረዳታለን። እስከዚያ አገር ቤት ኮል አድርጋ እንዳትሰማ፣ የስልክ ካርዷን ደብቂ። አንቺ ትልቅ ልጅ ነሽ።"

ትልቅ ልጅ መባሌ ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው።

ቤታችን አንድ ክፍል ናት፤ እናቴ የማታገላብጠው ዕቃ የለም። ካርዷን በላስቲክ ጠቅልዬ ደጅ ወጣሁና ከተኛው ቁልቋል ሥር፣ ከድንጋዩ መሀል ወሸቅኳት። አምስቱም ጣቶቼ በእሾህ ተወጉ።

እናቴ አራት ቀን ፈለገቻት። ፍራሹን ገለበጠች፣ የኮቷን ገበር ሳይቀር ዳሰሰች። የሆዴን በሆዴ ይዤ፣ "ቅዳሜ ዳንፎርዝ ሱቅ ሄደን ሌላ እንገዛለን" አልኳት። እሷም "እሺ፣ ቅዳሜ" አለች።

በየጠዋቱ ሥራ ስትሄድ ከቁልቋሉ ላይ በረዶውን በመጥረጊያ ታነሳለት ነበር። ከቤዝመንታችን መስኮት የሚታየኝ ጫማዋ ብቻ ነው። ጫማዋ ድንጋዩ አጠገብ በቆመ ቁጥር ትንፋሼን እይዛለሁ።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ብዙ ጫማ በመስኮቱ አለፈ። በረዶው ከሥራቸው ይንቋቋል። እናቴ በሩን ስትከፍት ጓደኛዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። ሌሎቹን አላየቻቸውም። ዞራ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ነው የጮኸችው።

ከለቅሶው በኋላ ስለ ካርዷ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳት። የበረዶው ወራት እንዲሁ አለፈ፤ በሁለታችን መካከል ወሬ ቀነሰ።

ግንቦት መግቢያ ላይ ከትምህርት ቤት ስመጣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ቁልቋሉ ቀና ብሏል፤ አረንጓዴው ተመልሷል። ካርዷ ጭኗ ላይ ነበረች፣ ቀለሟ ለቅቋል። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። እጄን ሳበችና ጣቶቼን አንድ በአንድ በፀሐይ ገልጣ አየች፤ እሾሁ ከወጣ ወራት አልፎታል።

"ስለሱስ አልዋሸሽኝም" አለች፣ ቁልቋሉን በአገጯ እያሳየችኝ።