መሪጌታው ያስቆለፉት ቅኔ

እዚህ መካነ ኢየሱስ ኮምፒውተር መጠገን ከጀመርኩ ወዲህ እንደ «ነካ ነካ አርግልኝ» የሚያንገሸግሸኝ ቃል የለም። ሰው የዓመታት ሥራው የጠፋበትን ላፕቶፕ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጥና «ትንሽ ነካ ነካ አርግልኝ፤ ቆሜ ልጠብቅህ» ይለኛል። እኔ ዘንድ የሚመጣው ራሱ ነካክቶ ነካክቶ ሲያቅተው ነው። ደክሞኛል። ወገቤም ዓይኔም ደክሞኛል።

በዐቢይ ጾም አንድ ቀን፣ መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ ከተመለሰ በኋላ፣ የቆዩ ደንበኛዬ የሆኑ የቅኔ መምህር ከወገዳ መጡ። መንገዱ አንገላቷቸው ነጠላቸው አፈር ለብሷል። ላፕቶፑን ግን በፎጣ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ይዘውታል።

«እንዴት ከረሙ፣ መሪጌታ?»

«እግዜር ይመስገን። ልጄ፣ ይኸ ነገር አላስገባም አለኝ። የመምህሬን ቅኔ ከለከለኝ።»

ከፈትኩት። ቅኔው ያለበትን ማህደር ስነካው «ይህን ማህደር ለመክፈት ፈቃድ የለዎትም» ይላል። ባለፈው ጥቅምት ላፕቶፑ ተንቀራፍፎባቸው ዊንዶውሱን የቀየርኩላቸው እኔው ነበርኩ። አዲሱ ዊንዶውስ የድሮውን ባለቤት ስለማያውቅ እንዲህ ያደርጋል። ከዚያ ወዲህ መሪጌታው ዳዊት ሲያዳምጡበት እንጂ ጽሑፉን ሳይከፍቱት ከርመዋል። አሁን ግን ዕድሜያቸው እየገፋ ነውና ሳይሞቱ ሊያሳትሙት ቆርጠዋል።

«የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት» አልኳቸው። ይቺ ምላሴ ስንት ጊዜ አዋርዳኛለች።

የፋይሎቹን ባለቤትነት ወደ አዲሱ ስም አዛወርኩ። ማህደሩ ተከፈተ። የቅኔዎቹ ስም ተራ በተራ ወረደ፤ የጥምቀት፣ የኪዳነ ምሕረት፣ የአንድ ባለጸጋ ቀብር። መሪጌታው በደስታ ወንበራቸውን ሳቡ። አንዱን ስነካው ከለከለኝ። ሌላውንም ነካሁ፤ ያው ነው።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አሉ መሪጌታው፣ ገና ፈገግታቸው ሳይጠፋ።

ያን ጊዜ ነው እያንዳንዱ ስም አጠገብ ያለችውን ትንሽ የቁልፍ ምልክት ያየሁት። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠው «ሰው እንዳያየው አርገኸ ቆልፍልኝ» ያሉኝ ትዝ አለኝ። በእነሱ ሥርዓት ቅኔ ለዕለቱ ይዘረፋል፤ ትናንት የተባለው ዛሬ አይባልም። መሪጌታው ግን የሟች መምህራቸው ቅኔ እንዲጠፋ አንጀታቸው አልቻለም፤ በቃላቸው የያዙትን በአንድ ጣት እየለቀሙ ጻፉት። ደግሞ ተማሪዎቻቸው አግኝተውት «የራሴ ነው» ብለው ማኅሌት ላይ እንዳያወርዱት ፈሩ። እኔም ቆለፍኩላቸው። ቁልፉ የሚቀመጠው ዊንዶውሱ ውስጥ ነበር። በጥቅምት ዊንዶውሱን ሳጠፋ ቁልፉንም አብሬ አጠፋሁት። የቆለፉት ነገር አለ ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። የዚያን ቀን ወረፋ ነበረ፤ እኔም ደክሞኝ ነበር።

የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። ደብረ ታቦር ወዳለ የሙያ ጓደኛዬ ደወልኩ፤ «ቁልፉ ከሌለ በከንቱ አትልፋ» አለኝ። ላፕቶፑ ተበላሽቷል ብል ያምኑኝ ነበር። መዋሸት አማረኝ፣ እውነቴን ነው። ግን ያንን ሁሉ መንገድ አቅፈውት መጥተዋል።

«መሪጌታ፣ የቆለፍኩትም እኔ፣ ቁልፉን ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። ከእንግዲህ አይከፈትም» አልኳቸው። ከማፈሬ የተነሳ ፊታቸውን አላየሁም።

«አስቆላፊውስ እኔ አይደለሁ?» አሉ። «ክፋቱ ምን መሰለኸ፤ ድሮ ማታ ማታ እየከለስሁ ነበር የማድር። እዚህ ከገባ ወዲህ ግን አለልኝ ብዬ ተውሁት።»

«እስቲ የሚያስታውሱትን ይበሉልኝ፤ እኔ ልጻፍ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። መምህራቸው ለጥምቀት የተቀኙትን መወድስ ጀመሩ። መወድስ የሚባለው የቅኔ ዓይነት ስምንት ቤት አለው። አንደኛውን ቤት ያለ እንከን አወረዱት፤ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። አራተኛውን ዜማው ነው ያደረሳቸው። አምስተኛው ላይ ቆሙ። ከመጀመሪያው ተነሡ፤ እዚያው ደርሰው ቆሙ። በሦስተኛው ጊዜ እኔ የጻፍኩትን እያነበብኩ አቀበልኳቸው፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ እንጂ ቃል አልወጣቸውም። ግንባራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«በቃኝ፤ መኪናው እንዳያመልጠኝ» አሉ።

አራቱን ቤት በወረቀት አትሜ ሰጠኋቸው። አንዴ አነበቡት፤ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«መምህሬን ዛሬ ገና ቀበርኋቸው» አሉኝ።