ሳይደፈን የቀረ መንጋጋ

መጋቢት 16 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት። በሰርካለም የቀጠሮ ካርድ ላይ ቀኑ የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ከጎኑ በእርሳስ ወደ አበሻው የመለሰችው ራሷ ናት። ከሥሩ ሐኪሟ «የግራ ታች መንጋጋ፣ ሁለተኛና የመጨረሻ ቀን» ብላለች። ቀጥሎ ሕክምናው ሲያልቅ የሚፈረምበት መስመር አለ። መስመሩ ባዶ ነው።

ሰርካለም የደብረ ታቦር ልጅ ናት። ኤምሬትስ፣ አል ዓይን ከገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ዘጠኙንም ዓመት የሠራችው በአንድ ቤት፣ ከአል ጃሂሊ ምሽግ ጀርባ ባለ ቪላ ውስጥ ነው። ስትመጣ አንድም የተበላ ጥርስ አልነበራትም። አገር ቤት ሳለች ጠዋት ጠዋት የወይራ መፋቂያ ከአፏ አይለይም፤ ስኳርም ለእንግዳ ካልሆነ ከተቀመጠበት አይወጣም።

አል ዓይን ይህን ሁሉ ገለበጠው። ጎህ ሲቀድ የጀመረ ሥራ የሚያልቀው ቤቱ በሙሉ ከተኛ በኋላ ነው፤ ቁጭ ብሎ መብላት የሚባል ነገር የለም። ረሀቧን የምታታልለው በጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት በተፈላ ሻይ ነበር፤ ከራክ ይሉታል። ብርጭቆዋ ከምድጃው አጠገብ አይጠፋም። ስትሄድ አንዴ ትጎነጫለች፣ ስትመለስ አንዴ። በኦአሲሱ፣ በከተማው የተምር ጫካ፣ ካለው የቤተሰቡ እርሻ የሚመጣው ተምርም በየትሪው አለ። ማታ ድካሙ ጥሏት ስትተኛ ጥርሷን መቦረሽ አይታሰባትም፤ ጠዋት ግን እንደ ጠቆረ ድስት ትፈገፍገዋለች። ድዷ ሲደማ ደግሞ «ይረፍ» ብላ ሳምንት ሙሉ ብሩሹን ታስቀምጠዋለች። እናቷም እንዲሁ ነበረች፤ ድድ ሲደማ መፋቂያ ይጣላል።

ከገና ጀምሮ ሲጠዘጥዛት ከርሞ መጋቢት 2 ቀን የቤቱ እመቤት፣ ማዳም፣ ክሊኒክ ላከቻት። ያደረሳት የቤቱ ሹፌር አብዱልመጂድ ነው። የወሎ ሰው ነው፤ ዐረብኛው ከእሷ ስለሚሻል ለማስተርጎምም አብሯት ገባ።

«ትሉን አውጪልኝ በላት» አለችው ጉንጯን እንደያዘች።

«የምን ትል?»

«የጥርስ ትል ነዋ! ጋደም ስል ሲላወስ ይሰማኛል።»

አብዱልመጂድ እየሳቀ አስተረጎመ። ሐኪሟ፣ ጠና ያለች ሶርያዊት፣ አልሳቀችም። ትንሽ መስታወት ይዛ ጉድጓዱን አሳየቻት። ትል የለም አለች፤ ጥርስ ላይ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን ናቸው። ጣፋጩን እነሱ ይበሉታል፤ በልተው የሚያወጡት አሲድ ነው ጥርሱን የሚቦረቡረው። አንዴ ጠጥታ ብትተወው ምራቋ ያጥበው ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ስትጎነጭ ግን ምራቅ ፋታ አያገኝም። ድድ መድማቱም ቆሻሻ ስለተጋገረበት ነው፤ ያኔ በለስላሳ ብሩሽ በቀስታ ማጽዳት እንጂ መተው አይገባም።

«እህት ሰርኬ፣ ጥርስሽን የበላው ሻይሽ ነው እያለችሽ ነው» አለ አብዱልመጂድ። «እኔ ስነግርሽ ምቀኛ ትይኛለሽ።»

«አንተ ዝም ብለህ አስተርጉም!»

ሐኪሟ መንጋጋውን ከፈተች፣ የሞተውን ነርቭ አወጣች፣ መድኃኒት አድርጋ በነጭ ጊዜያዊ መሙያ ደፈነችው። ከዚያ ጣቷን ቀስራ ረጅም ነገር ተናገረች። መሙያው ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው፤ ሕመሙ ቢጠፋም መመለስ አለባት፤ ሕመሙ የሚጠፋው ነርቩ ስለወጣ እንጂ ጥርሱ ስለዳነ አይደለም፤ ሳይጠናቀቅ ከቆየ ከሥሩ ይመግላል። በዚሁ መሐል የአብዱልመጂድ ስልክ ጮኸ። ማዳም ናት፤ ልጇን ከአያቷ ቤት የሚያመጣበት ሰዓት ደርሷል። ቁልፉን እያነሣ «ሁለት ሳምንት ቆይተሽ ነይ፣ ትጨርስልሻለች» ብሎ አሳጠረው። ሌላውን የሐኪም ወግ ነው ብሎ ዘለለው። በኋላ ቃል በቃል ያስታወሰው ግን እሱ ራሱ ነው።

ሰርካለም በዚያ ቀን የሰማችውን ሁሉ ወደ ቤት ወሰደችው። የማዳም ልጅ መይሳ የአራት ዓመት ልጅ ናት፤ ጭማቂ የተሞላ ጡጦ ነክሳ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስዳትም። የላይ ፊት ጥርሶቿ ከድዷ ሥር ቡናማ መሆን ጀምረው ነበር። ያን ምሽት ሰርካለም ጡጦውን በውሃ ሞላችው። ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ።

«ምን አድርገሻት ነው?» አለች ማዳም ሮጣ መጥታ።

«ምንም ማዳም። ጭማቂው ሌሊቱን ጥርሷን ሲበላ ያድራል። ዶክተሯ ናት ያለችው።»

«ለአንቺ ጥርስ ሄደሽ ስለ ልጄ ጥርስ ተማርሽ?» ብላ ማዳም ሳቀች፤ ግን ጭማቂውን አልመለሰችም። ከዚያ ቀን ወዲህ መይሳና ሰርካለም ማታና ጠዋት ጎን ለጎን ቆመው ይቦርሻሉ። ሰርካለም በአማርኛ እስከ ሃምሳ ትቆጥራለች፤ ልጅቷ አረፋ እንደሞላ አፏ «ሃያ! ሃያ!» እያለች ታቋርጣታለች፤ ከሃያ ወዲያ ያለውን አታውቅማ።

ሁለተኛው ቀጠሮ ሲቃረብ ኮሮና በረታ። አስቸኳይ ካልሆነ በስተቀር የጥርስ ሕክምና ታገደ። ከክሊኒኩ ተደውሎ የተጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ ያምሻል? አያመኝም አለች፤ እውነቷን ነበር። ስንከፍት ነይ ተባለች። ግንቦት መጨረሻ ላይ ሲከፍቱም አላመማትምና አልጠየቀችም።

አቡ ዳቢ ውስጥ ታናሽ እህቷ መንበረ አለች፤ ዩኒቨርሲቲ ተምራ በአንድ የሆቴሎች ኩባንያ መዝገብ ቤት ትሠራለች። የፋሲካ ዕለት፣ ሚያዝያ 11፣ ቤተ ክርስቲያኑ ዝግ ስለነበር ሁለቱም በየቤታቸው ሆነው በስልክ ፈሰኩ።

«ጥርስሽስ እታለም?» አለች መንበረ።

«ተኛልኝ፣ ማርያምን! እንዳለም አላውቅ።»

«ከተኛማ አትቀስቅሺው።»

ሁለቱም ሳቁ። የሰው ፋይል ሲጎድል በደቂቃ የምትለየው መንበረ፣ የእህቷ ሕክምና ሁለት ቀን እንደነበረውና አንዱ እንደቀረ አላስታወሰችም።

ግንቦት 9፣ ረመዳን ነው፤ ሰርካለም ለማፍጠሪያ የሚቀርበውን ተምር ፍሬ እያወጣች ነበር። አንዱን ወደ አፏ ጣል አደረገች። ስታላምጥ ጠመኔ የመሰለ ነገር ምላሷ ላይ ቀረ፤ መሙያው ነበር። አላመማትም። አብዱልመጂድ የመኪናውን ማቀዝቀዣ ለማሠራት ጋራዦቹ ሰፈር ሰናይያ ሲሄድ የቅርንፉድ ዘይት አስገዛችው፤ በጥጥ እየነከረች ጉድጓዱን ትወትፍ ጀመር። ጥጡ በየቀኑ ሲወጣ ይሸታል። ቅርንፉዱ ነው አለች።

በዚያው ሰሞን የጎረቤት ቤት ሠራተኛ ሲፈን አተኮሳት። ነጭ መኪና መጣ፤ ከራስ እስከ እግራቸው የተሸፈኑ ሰዎች ወሰዷት። ምርመራው ነጻ ናት አለ፤ የሲፈን ማዳም ግን አልመልሳትም አለች። ልብሷ በጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ታስሮ በር ላይ ሲቀመጥ ሰርካለም ከኩሽናው መስኮት አየች። ከረጢቱ ሁለት ቀን እዚያው ዋለ። አገር ቤት መመለሻ አውሮፕላን በሌለበት፣ አሠሪዋ፣ ካፊሏ፣ ቤቱን የዘጋባት ሴት የት እንደምትገባ ማንም የሚያውቅ አልነበረም።

ግንቦት 25 ቀን በአቡ ዳቢና በአል ዓይን መካከል መንገዱ ተዘጋ፤ ያለ ፈቃድ ማለፍ ቀረ።

ሰኔ 1 ቀን፣ ሰኞ፣ ሰርካለም ስትነሣ የግራ አገጯ ሥር እንደ ድንጋይ ጠጥሮ አገኘችው። ጭምብል አደረገችበት። ያን ጊዜ ቤት ውስጥም ቢሆን ሠራተኛ ጭምብል ማውለቅ አልነበረበትምና ማንም አልጠረጠረም። ያየው አብዱልመጂድ ብቻ ነው፤ ውሃ ልትጠጣ ገልጣ ደረሰባት።

«እህት ሰርኬ፣ የማዳምን ሩዝ ባንድ ጉንጭሽ ደብቀሽ ነው እንዴ?» አለ። ቀረብ ብሎ ሲያይ ሳቁ ጠፋ። «ይኼማ ልክ አይደለም። ለማዳም ልንገራት።»

«እንዳትነግራት! ያተኩሰኛል። ትኩሳት ሲባል ሌላ ነገር አይሰሙም። ሲፈንን አላየህም?»

«የሷ ኮሮና ተብሎ ነው። የአንቺ ጥርስ ነው።»

«ማን ይለይልኛል? ወላሂ በል፣ አልናገርም በል።»

ማለ።

ትኩሳቱን በፓናዶል ያዘችው። ከሞተች በኋላ መንበረ ትራሷ ሥር ያገኘችው የፓናዶል ካርቶን ጀርባው በእርሳስ ሰዓት ተሞልቷል፤ ሰኞ 12፣ 4፣ 8፣ 12፣ ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ ላይ ልዩነቱ ወደ ሦስት ሰዓት ይጠባል። ጽሑፉ የሰርካለም ነው፤ ፊደሎቿ ትልልቅና ቀጥ ያሉ ናቸው።

ማክሰኞ መንበረ ደወለች። ሰርካለም ካሜራው ተበላሽቷል አለች።

«ድምፅሽ ምን ሆነ እታለም? ትኩስ ድንች የጎረሰ ሰው መሰልሽ።»

«እየበላሁ ነዋ። ምነው፣ ብበላ ቀናሽ?»

«በይ ብዪ፣ ነገ እደውላለሁ።»

ሰርካለም ከሰኞ ጀምሮ አንድ ጉርሻ አልዋጠችም ነበር። ከምላሷ ሥር ያለው ሥጋ አብጦ ምላሷን ወደ ላይ እየገፋው ነው፤ ምራቋን በጨርቅ ትጠርጋለች። ውሃም በግራ ሲገባ በቀኝ ይፈሳል። ይህን ሁሉ ጭምብሉ ሸፈነው።

ሐሙስ ጠዋት መይሳ ብሩሿን ይዛ መጣች። ሰርካለም አፏን መክፈት አቃታት። ልጅቷ «አንድ በይ! አንድ በይ!» እያለች ጠበቀች፤ ከዚያ እናቷን ልትጠራ ሮጠች። ማዳም መጥታ ጭምብሉን ስትገፍፈው የሰርካለም አንገት ከአገጯ ጋር አንድ ሆኗል። ሹፌሩን አልጠበቀችም፤ ራሷ ነድታ ወሰደቻት። በሆስፒታሉ መግል ከጥርሱ ሥር ተነሥቶ የምላሷን ሥርና አንገቷን መሙላቱን፣ ወደ ደረቷም መውረዱን አዩ። ጉሮሮዋን ከፍተው ቱቦ አስገቡ። የኮሮና ምርመራዋ ነጻ ነበር። ሰኔ 6 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከቀትር በፊት ዐረፈች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። የመንበረ የጉዞ ፈቃድ የደረሰው በማግስቱ ነው።

መንበረ ቪላው በር ላይ ስትደርስ አብዱልመጂድን ከመኪናው ሥር ቁጢጥ ብሎ አገኘችው። ሐኪሟ ያን ቀን የተናገረችውን፣ እሱ የዘለለውን፣ ጣቷን መቀሰሯን ሳይቀር ነገራት። ማዳም ዓይኖቿ አብጠው ወጣች።

«ጥርስ ነው ብትለኝ ኖሮ በዚያው ሰዓት አደርሳት ነበር» አለች። «ለምን ደበቀችኝ?»

«ኮሮና ነው ትሉኛላችሁ ብላ ፈርታ ነው» አለ አብዱልመጂድ።

«ቢሆንስ? ዘጠኝ ዓመት አብራኝ ኖራ በር ላይ እጥላት ነበር?»

መንበረ መልሱን ጠበቀች። ማዳም ግን የሲፈን ከረጢት የተቀመጠበትን የጎረቤቱን በር አየች።

እንግዲህ ከመሞቷ ሦስት ቀን በፊት፣ ረቡዕ፣ ሰኔ 3 ቀን። ማዳም ሰርካለምን ፋርማሲ ላከቻት። ፋርማሲው ከቪላው አሥር ደቂቃ ያስኬዳል፤ አብዱልመጂድ ላድርስሽ ቢላት በእግሬ ይሻለኛል አለች። የፓናዶሉ ካርቶን ላይ ለስምንት ሰዓት ተኩል ምልክት አለ፤ ከቤት የወጣችው ክኒኑ ትኩሳቱን እስኪያወርደው ጠብቃ፣ ዘጠኝ ተኩል ላይ ነው። በምሽጉ ግንብ ጥላ ሥር፣ ጥላው እስካለ ድረስ፣ አንድ እጇን ግንቡ ላይ እያስደገፈች ሄደች። ጥላው ሲያልቅ ቆመች፤ ከዚያ መንገዱን ተሻገረች።

በፋርማሲው በር ላይ ሙቀት የሚለካው እሸቱ የሚባል የሰበታ ልጅ ነበር። መለኪያውን ግንባሯ ላይ አነጣጠረ፤ ሠላሳ ስድስት ነጥብ ዘጠኝ።

«ግቢ እህቴ። ፊትሽ ግን ልክ አይደለም፤ ፀሐዩ ነው?»

አዎ በሚል ራሷን ነቀነቀች።

የማዳም ዝርዝር ሦስት ነገር ነበረው፤ አንድ ካርቶን ጭምብል፣ የእጅ ማጽጃ፣ ለመይሳ የጥርስ ብሩሽ። ጭምብሉንና ማጽጃውን ቶሎ አነሣች። ብሩሾቹ ጋ ግን ቆየች። የልጆቹን አንድ በአንድ እያነሣች ጀርባቸውን አየች፤ ጠንካራውን መለሰች፣ መካከለኛውንም መለሰች፤ ጥንቸል ያለበትን፣ ለስላሳውን ያዘች። ከብሩሾቹ ማዶ፣ ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው፣ የመድኃኒት ባለሙያዋ ነጭ ጋዋን ለብሳ ቆማለች፤ አጠገቧ ሰው አልነበረም።

ሒሳብ ተቀብሎ ዕቃውን ከረጢት ውስጥ የከተተላት ያው እሸቱ ነው።

«ሌላስ? የሚያስፈልግሽ ነገር የለም?»

ሰርካለም ዞር ብላ ባለሙያዋን አየች። ከጭምብሉ ሥር ምራቋን እንደምንም ዋጠች።

«ኸላስ፣ በቃ» አለች።

ደረሰኙ ዘጠኝ ከሃምሳ ሁለት ይላል። ተመልሳ ጭምብሉን ከበሩ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠች፤ ማጽጃውን ኩሽና አኖረች። ብሩሹን ከማሸጊያው አውጥታ በሙቅ ውሃ አለቀለቀችና በመይሳ ብርጭቆ ውስጥ፣ ፀጉሩን ወደ ላይ አድርጋ አቆመችው።