የተገለበጠው ብርድ ልብስ

እኛ ቤት ጨርቅ የሌለበት ቦታ ቢኖር ጣሪያው ብቻ ነው። ወንበር ስትስቡ ከረጢት አብሮ ይጎተታል፤ መሳቢያ ስትከፍቱ ቁርጥራጭ ይዘረገፋል። ባሌ አንድ ጠዋት ካልሲ መስሎት የሕፃን ሸሚዝ እጅጌ እግሩ ላይ ሲታገል አግኝቼዋለሁ። «እማዬ፣ ይሄን ድሪቶ አንድ በይው እንጂ!» ስላት እናቴ ቀና ብላ አታየኝም። «ድሪቶ ያለ አፍ ይሰፋ!» ትለኛለች።

እናቴ ዕድሜዋን የፈጀችው ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ የሱሪ ጫፍ ስትዘመዝም ነው። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር የሚወድቀውን ትርፍራፊ አምስት ሴቶች እየለቀሙ ወደየቤታቸው ይወስዱና በእጃቸው እየገጣጠሙ ካሬ ይሰፋሉ። ከዚያ በሻይ ሰዓት ካሬ ይለዋወጣሉ። ደንባቸው አንድ ነው፤ ማንም በራሱ ካሬ ብቻ ብርድ ልብስ አይሠራም። «ብቻዬን ሰፍቼ ብቻዬን ብለብሰው ምኑ ይሞቀኛል?» ትላለች እናቴ።

መጀመሩንማ ሁሉም ይጀምራል። ቁልፍ የምትተክለው ሴት ለብቻዋ አንድ ሻንጣ ሙሉ ካሬ አከማችታ አንድም ብርድ ልብስ አልወጣትም። እንዲህ ጀምረው የተዉትን ሁሉ እናቴ ጋ ያመጡታል። እሷ ታያይዛለች፣ ጥጥ ትሞላለች፣ ገበር ታለብሳለች፣ ጠርዙን ትዘመዝማለች። በዚህ የተነሳ ስሟ ጨራሿ ሆኖ ቀረ።

የራሷን ብርድ ልብስ ራሷ የምትጨርስ ከእናቴ ሌላ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ከእናቴ ጎን ያለው መኪና ላይ ትሠራለች፤ በግራ እጇ ስለምትሰፋ ግራኟ ይሏታል። ነገረ ሥራዋ ሁሉ ዝግ ያለ ነው። እናቴ ሦስት ካሬ ስታወጣ እሷ ለአንዱ ገና ቀለም እየመረጠች ነው። አንዷን ጉንፋን ሲይዛት ሌላዋ ታስነጥሳለች እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር። እኔንም ያሳደገችኝ ከእናቴ እኩል ስለሆነ እንደ እናቴ አንቺ እላታለሁ።

አሁን አንድ እውነት ልናገር። እናቴ ስትሰፋ እጇ ነፋስ ነው፤ ግን ክር ስትጨርስ አትቋጥርም። በጥርሷ በጠስ ታደርገውና ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። እኛ ቤት ብርድ ልብስ በታጠበ ቁጥር አንድ ቦታ አፉን ይከፍታል። «ሳሙናው ነው» ትላለች። ሳሙና ቀየርን። «ውሃው ነው» አለች። በመጨረሻ ጥፋቱ የአጣቢዋ ሆነ። አጣቢዋ ደግሞ እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ያቺ ቁልፍ ተካይ፣ ወሬ ካላደረሰች እንቅልፍ የማይወስዳት፣ መጣችና «ግራኟ ምን እንዳለች ሰማሽ?» አለቻት። «‹የጨራሿ ስፌት ያምራል፤ እስኪታጠብ ድረስ› አለች።»

በቃ! ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ እናቴን ግን ማን ደፍሮ መቀስ ይንጠቃት? ከሁሉም የምትወደውን፣ አልጋዋ ላይ የነበረውን ብርድ ልብስ ዘረጋችና የግራኟን ካሬዎች አንድ በአንድ ተረተረቻቸው። ከረጢት ውስጥ አጭቃ «ውሰጂላት» አለችኝ። ወሰድኩላት፣ ምን ላድርግ? ግራኟ ከፍታ አየች። ቁጭ ብላ የእናቴን ካሬዎች ከራሷ ብርድ ልብስ ላይ ፈታቻቸው። ጨርቁ እንዳይጎዳ በመርፌ ጫፍ፣ ቀስ እያለች ነበር የምትፈታው። እናቴ ግን ያመጣሁላትን ከረጢት ሳትከፍተው አልጋ ሥር ወረወረችው።

ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ጎን ለጎን ተቀምጠው መቀስ ሲፈልጉ በሦስተኛ ሰው ይጠያየቁ ነበር፤ እንዲያ እንዳሉ ጡረታ ወጡ። የእናቴ ብርድ ልብስም ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ ጥጡ አፍጥጦ ቀረ። የሰውን ሁሉ የምትጨርስ ሴት የራሷን ሳትጨርስ ስትቀር ያሳዝናል። «ጨርሺው እንጂ» ስላት «በምን?» ትለኝና ፊቷን ታዞራለች።

ዘንድሮ አረገዝኩ። እናቴ ለልጄ ብርድ ልብስ እየሰፋች ሳለ ያቺው ቁልፍ ተካይ መጣች።

«ግራኟ ልትሄድ ነው» አለች ገና ሳትቀመጥ። «ልጇ እሱ ጋ እንድትኖር ሊወስዳት ነው፤ አገሩ ሩቅ ነው አሉ። እሑድ ጠዋት ትሳፈራለች። መመለስ የለም።»

እናቴ መርፌ ውስጥ ክር ልታስገባ ስትሞክር ክሩ ሳተ። ደገመችው፣ አሁንም ሳተ።

«ትሂዳ!» አለች።

ሴትየዋ እንደወጣች «እማዬ፣ ሄደሽ ተሰናበቻት» አልኳት።

«ሞቼ እገኛለሁ እንጂ የሷን ደጅ አልረግጥም! ስፌቴን አዋረደችው እኮ!»

«ዕድሜ ልክሽን ጓደኛሽ ነበረች።»

«ጓደኛ ነው እንዲህ የሚል?»

ጆሮ ዳባ ልበስ። እኔ ግን አንጀቴ አረረ። ሁለቱም ሸምግለዋል፤ እሑድ ካለፈ በኋላ ዓይን ለዓይን እንደማይተያዩ አውቃለሁ። ተኳርፈው ከተለያዩ ደግሞ ጸጸቱ እናቴን እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ ሲበላት ይታየኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለልጄ ብርድ ልብስ ካሬ አነሳት። እኔ ይሄን ሆዴን ይዤ አልጋ ሥር ተንበረከክሁና አቧራ የጠጣውን ከረጢት ጎትቼ አወጣሁት። «እንኪ! የገዛ እጅሽ ሥራ ነው፤ መቼም ከራስሽ ጋር አልተኳረፍሽ።»

አጉረመረመችና ከፈተችው። አንዱን ካሬ አንስታ ገለበጠችው። ሌላ አነሳች። ተነስታ መስኮቱ ጋ ሄደች።

«ይሄ የኔ አይደለም» አለች።

«ያንቺ ነው እንጂ! ይሄ ሰማያዊው የኔ ቀሚስ ትርፍ አይደል እንዴ?»

«ጨርቁ የኔ ነው። ስፌቱን እዪው።»

አየሁት። የእናቴ ስፌት ወደ ቀኝ ያጋደለ፣ ረጃጅም ነው። በሱ ላይ ሌላ ደቃቅ ስፌት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዶበታል፤ እሱ ወደ ግራ ነው የሚያጋድለው። በየጥጉ ትንሽ ቋጠሮ አለ። ካሬዎቹን ሁሉ ገለባበጥናቸው፤ ሁሉም እንደዚያው ነበሩ።

እናቴ ምንም ሳትለኝ ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞላች። ከከረጢቱ አንድ ካሬ፣ በዚያው ሳምንት ከሰፋችው ደግሞ አንድ ወሰደችና ሁለቱንም አሸች፣ ጨመቀች፣ አራገፈች። የከረጢቱ ካሬ ንቅንቅ አላለም። አዲሱ መሐል ለመሐል ተከፈተ።

«ሳሙናው ነው» አልኳት።

ወዲያው ምላሴን በቆረጠው አልኩ። እናቴ ግን አልተቆጣችም። እርጥቡን ጨርቅ ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ የስንት ዓመቱን አወጣችው። ስታበቃ ያንን ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ብርድ ልብስ ከአልጋዋ ላይ ገፈፈች፣ ከረጢቱን አነሳች፣ ጫማዋን አጠለቀች፤ እኔም ተከተልኳት።

የግራኟ ቤት ባዶ ሆኗል። ፍራሹ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል፤ ግድግዳው ላይ ፎቶዎቹ የነበሩበት ቦታ ብቻ ነጥቶ ይታያል። እሷ ካርቶን ላይ ተቀምጣለች። እናቴ እንደምን ዋልሽም አላለቻት፤ ከረጢቱን ጉልበቷ ላይ ዱብ አደረገችው።

«ይሄን ማን ሰፋው?»

«እኔ።»

«መቼ?»

«ሁልጊዜ ነዋ። ከሰጠሽኝ በኋላ፣ ከማያያዜ በፊት።»

«ያንንስ ነገር ብለሻል?»

ግራኟ አንገቷን ደፋች። «ብያለሁ። ነገር ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።»

«ታዲያ ለኔ አትነግሪኝም ነበር?»

«ብነግርሽ መስፋቱን ትተዪዋለሽ። አንቺን አጣሁሽ እንዴ! ካሬሽን ከማጣ ከኋላ ከኋላሽ እየቋጠርኩ ብኖር ይሻለኛል ብዬ ነው።»

«አንቺ ክፉ!» አለችና እናቴ ጥምጥም አለችባት። ካርቶኑ ከሥራቸው ተጨፈለቀ። ሁለቱም ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ፤ አንዷ ትስቃለች፣ ሌላዋ ታለቅሳለች፤ ማን የቱን እንደሆነ እኔም ለመለየት ተቸገርኩ።

ግራኟ ጓዟን ፈታች። እናቴ ተርትራ የመለሰችላት ካሬዎች ከልብሷ በላይ ተቀምጠው ነበር። ፍራሹን ዘረጋንና ሁለቱ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ቀዳዳዎቹን መድፈን ጀመሩ። እናቴ ክር በጥርሷ ልትበጥስ ስትል ግራኟ እጇን ትይዛለች።

«ቋጥሪ!»

«ቋጥሬያለሁ!»

«እስቲ አሳዪኝ!»

ማንም አርሟት የማያውቅ እናቴ ቋጠሮዋን እንደ ተማሪ አሳየች። ሲመሻሽ የመጨረሻው ካሬ ገባ። እናቴ ብርድ ልብሱን አጥፋ ግራኟ ጉያ ውስጥ ሸጎጠችው። «ልጅሽ ያለበት አገር ይበርዳል አሉ» አለቻት። እሑድ ጠዋት ግራኟ እሱን ታቅፋ አውቶቡስ ላይ ወጣች።

ልጄ ስትወለድ እናቴ ለሷ የሚሆነውን ብርድ ልብስ ጨርሳ ጠበቀቻት። ከግራኟ ቤት መልሳ ይዛው በመጣችው ከረጢት ካሬዎች የተሠራ ነው። ልትጠይቀኝ የመጣችው ቁልፍ ተካይ ገና ከማየቷ «ውይ! ተገልብጦባችኋል እኮ፤ ስፌቱ ሁሉ በውጭ ነው!» አለች።

«አልተገለበጠም» አለች እናቴ። «የሷ እጅ የሚታየው በዚህ በኩል ነው።»

የማጥበው በዚያው በድሮው ሳሙና ነው። እስካሁን አንድም ቦታ አልተከፈተም።