ወደ ቆቃ ግድብ መርዶ ይዤ

የእናታችንን ማረፍ ከጎጃም የመጣ ሰው ነገረኝ። ታናሽ ወንድሜ አያልነህ ግን አልሰማም፤ ቆቃ ግድብ ሠራተኛ ነው። መርዶ በወጉ የሚነገረው ማለዳ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው። ስለዚህ ከሰዓት ደርሼ ለጎረቤቶቹ ሹክ ልል፣ ንጋት ላይ አብረን ልናረዳው አስቤ ተነሣሁ።

ያለ ቀበሌ ወረቀት ጉዞ የለምና ነፋስ ስልክ ቀበሌያችን ሄድኩ። ጸሐፊው፣ «እትዬ፣ ለዘመድ ጥየቃ ልበለው?» አለኝ።

«በጾም ውሸት አታስጽፈኝ፤ እንዳለው ጻፈው» አልኩት።

ከሳሪስ በአንድ ሰዓት የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ደብረ ዘይት ላይ ለፍተሻ ቆመ። ሞጆ ሽሮ በሰባ አምስት ሳንቲም በላሁ።

ቆቃ፣ ስምንት ሰዓት

ከአስፋልቱ በጋሪ ገባሁ። ሐይቁ ግራጫ ነው፤ ዳርቻው አይታይም። ባለጋሪው ሽማግሌ በአለንጋቸው ወደ መሃሉ ጠቆሙኝ።

«የአባቴ ማሳ እዚያ ሥር ነው። በጃንሆይ ጊዜ ሲገደብ ውሃ በላው። ጣሊያን በካሳ ነው የሠራው ይላሉ።»

«ለእናንተስ ምን ካሳ ተሰጣችሁ?»

«ለእኛማ ዓሣ!» ብለው ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ከግንቡ ሥር አዋሽ እያጓራ ይወጣል። ወደ ሠራተኞቹ ሰፈር በሚያስገባው በር ላይ ዘቡ ወረቀት ሲጠይቀኝ ከመቀነቴ ፈታሁ። ያኔ አያልነህ እየሮጠ መጥቶ አቀፈኝ።

«እታለም! እማ እንዴት ናት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

ወረቀቱን ከእጄ ነጠቀኝ። «ቆይ፣ እኔ ላንብበው! መሠረተ ትምህርት ጨርሻለሁ እኮ!»

ከአገር ሲወጣ ሀሁን አይለይም ነበር። በልቤ የነበረውም ያ የድሮው አያልነህ ነው። «ስጠኝ» ብል ወረቀቱን ከፍ አደረገው።

«እስቲ መምህሩ!» አለ ዘቡ እየሳቀ።

«የጉ…ዞው ምክ…ንያት፣ የእና…ታቸውን ሞት ለወን…ድማቸው…»

ጣቱ ቆመ። የተሳሳተ መስሎት እንደገና ከላይ ጀመረ። ሦስተኛ አላነበበም። ዘቡ ጠመንጃውን ጥሎ ወገቡን ያዘው። አፉን ከፍቶ ሲጮህ አየሁት፤ ድምፁን ግን ውሃው ዋጠው።

እስከ ሠልስቱ ከጎረቤቶቹ ጋር ተቀመጥን። ጋሪው ድረስ ሲሸኘኝ፣ «ከእንግዲህ ደብዳቤ አትጻፊልኝ፤ ሰው ላኪልኝ» አለኝ።

ነፋስ ስልክ

ጽድቅ ማለት አለመዋሸት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለእውነትም ሰዓትና አብሮ የሚያለቅስ ሰው እንደሚያስፈልገው በወንድሜ ልብ ተማርኩ። በሰላም መግባቴን ለአያልነህ በቃል የሚነግርልኝ፣ በሞጆ አድርጎ ወደ ቆቃ የሚወርድ ሰው ፍለጋ ጎፋ ድረስ ጠየቅሁ። እስካሁን አላገኘሁም።