ከሰሉን የማያውቀው መሣሪያ

ነገሩ የደረሰው አምና ክረምት፣ ቤቴል በሚገኘው የእናቴ ቤት ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው ሁለት ሰው ሊሞትብን ስለነበረ ብቻ አይደለም። ቤተሰቤ ታሪኩን ባወራ ቁጥር አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ የጎደለውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

እህቴ ምሕረት የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ እናታችን ቤት ልትታረስ መጣች። ባለቤቷ ሥራው ክፍለ ሀገር ነው። እማዬ ደግሞ አራስ ከያዘች ከንፋስ ጋር ጦርነት ትገጥማለች። መስኮት አይከፈትም፤ መጋረጃ አይገለጥም፤ በበሩ ሥር ያለችው ክፍተት ሳትቀር በአሮጌ ነጠላ ትወተፋለች።

ያን ሰሞን ዝናቡ አላባራ ብሎ ክፍሉ በረዶ ሆነ። እማዬ ከሰል ደጅ አቀጣጥላ፣ ጭሱ አልፎ ፍም ብቻ ሲቀር ማንደጃውን ታስገባለች፤ ቤቱ ትንሽ ሞቅ ሲል መልሳ ታወጣዋለች። «ከሰል ያፍናል» ትል ነበር። ሲያስገቡ ሲያወጡ መዋሉ ግን አሰልቺ ነው፤ ምሕረትም ይበርዳታል።

እዚህ ላይ እኔ ገባሁ። በቤታችን ዕቃ አዋቂው እኔ ነኝ። ቴሌቪዥን እሰቅላለሁ፤ ማሞቂያ እገጥማለሁ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ እመክራለሁ። ከወራት በፊት የወጥ ቤቱ ሲሊንደር አሰግቶኝ ጋዝ ሲያፈተልክ የሚጮህ መሣሪያ ገዝቼ ነበር። ከወጥ ቤት ነቅዬ አራሷ ክፍል ሶኬት ላይ ሰካሁት።

«አሁን ከሰሉ ይቆይላት። ክፉ አየር ካለ ይሄ ይጮሃል» አልኳት እማዬን።

«የከሰሉንም ያውቃል?»

«ጋዝ ጋዝ ነው፣ እማዬ።»

እንድታምነኝ መሞከሪያውን ቁልፍ ተጫንኩ። ጆሮ የሚበጥስ ድምፅ አሰማ፤ ሕፃኑ ደንግጦ አለቀሰ። እማዬ እየሳቀች «እንግዲህ አንተ ካልክ» አለችኝ። እኔም ኮራሁ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዳይፐር ልገዛ ወደ አየር ጤና ልወጣ ስል እማዬ ማንደጃውን ልታነሳ ጎንበስ ብላ ነበር። «ተይው፣ ይሙቃት» አልኳት። ተወችው፤ የሕፃኑን ጨርቅ ልታጥብ ወደ ጓሮ ዞረች።

ስመለስ ከቤተ ክርስቲያን ለአራስ ጥየቃ ከመጡት ከእትዬ ዘነቡ ጋር በር ላይ ተገናኘን።

«ጌታ ይባረክ፣ ልጄ። እናትና ልጅ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው፣ ይግቡ።»

በሩን ብገፋው አልከፈት አለኝ። በትከሻዬ ገፋሁት። ምሕረት ከአልጋው ወርዳ ወደ በሩ ስትሳብ ወድቃለች፤ ወለሉ ላይ አስመልሷታል። ሕፃኑን ከአልጋ ላይ ሳነሳው እጅና እግሩ ዝም ብሎ ተንጠለጠለ። አላለቀሰም። ክፍሉ ውስጥ ጭስ የለ፣ የሚከረፋ ነገር የለ። ሶኬቱ ላይ አረንጓዴዋ መብራት ፏ ብላ በርታለች።

«ከሰል ነው፤ ወደ ደጅ አውጣቸው» አሉ እትዬ ዘነቡ። እኔ ከድንጋጤዬ እስክነቃ ሕፃኑን ከእጄ ተቀብለው ወጥተው ነበር። ምሕረትን ጎትቼ በረንዳ ላይ አስተኛኋት። ጎረቤታችን በመኪናው ሐኪም ቤት አደረሰን።

ሁለቱንም ኦክስጅን ላይ አደረጓቸው። እማዬ የሳሙና አረፋው እጇ ላይ እንደደረቀ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ «እያወቅኩ፣ እያወቅኩ» ትላለች። ሌላ ቃል አልወጣትም። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ሕፃኑ አለቀሰ። ልቅሶ ደስ ሲያሰኝ ያን ቀን አየሁ። ወደ ማምሻው ምሕረትም ዓይኗን ገለጠች። ሐኪሙ ግን ልባችንን አላሳረፈውም። «አሁን ደህና ናቸው። ሕፃኑ ላይ የቀረ ጉዳት መኖር አለመኖሩን ግን እያደገ ሲሄድ ነው የምናየው። ክትትሉን እንዳታቋርጡ» አለን።

ከሳምንት በኋላ መሣሪያውን ብልሽቱን ያይልኝ ብዬ እንዲህ ያለ ዕቃ ለሚገጥም ባለሙያ ወሰድኩት። ከኪሱ ላይተር አውጥቶ፣ ሳይለኩስ ጋዙን ብቻ ለቀቀበት። ወዲያው ጮኸ።

«አልተበላሸም። ይሄ የሚያውቀው የሲሊንደር ጋዝ ነው» አለኝ። ውስጡ የምትግል ትንሽ ነገር አለች፤ ተቀጣጣይ ጋዝ ሲነካት በውስጧ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይለወጣል፤ ያኔ ይጮሃል። ከሰል የሚያወጣው ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም። እሱን የሚለየው ሌላ መሣሪያ ነው፤ ውስጡ እንደ ባትሪ በኬሚካል የሚሠራ ክፍል አለው። የሲሊንደር ጋዝ ከባድ ስለሆነ መሬት መሬት ይሄዳል፤ ስለዚህ የእሱ መሣሪያ ዝቅ ብሎ ይሰካል። የከሰሉ ግን የተኛ ሰው በሚተነፍስበት ከፍታ ነው።

«ቁልፉን ስጫነው ግን ጮኾ ነበር» አልኩት።

«ቁልፉ ድምፁን ነው የሚሞክረው፤ ማሽተቱን አይደለም። ስትገዛ ለየትኛው ጋዝ እንደሆነ አንብብ። ማብቂያ ዓመቱንም እይ፤ እነዚህ ነገሮች ያረጃሉ። ሁለቱንም ብትሰካ እንኳ ከሰል ዝግ ቤት አታስገባ።»

ቤት ገብቼ ካርቶኑን ፈለግኩት። ለሲሊንደር ጋዝ ብቻ እንደሆነ ፊት ለፊት ተጽፎበታል። እኔ ዕቃ አዋቂው አላነበብኩትም።

ለቤተሰቡ ምንም አልተናገርኩም። ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር «የቻይና ዕቃ ጉድ ሠራን» ይባላል፤ እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ። እማዬ ግን ዕቃውን አትወቅስም። «ዕቃ አምኜ ልጆቼን ልፈጅ ነበር» ትላለች። ካንደበቷ በወጣ ቁጥር ይቆጠቁጠኛል፤ አፌን እከፍትና ስለ ሌላ ነገር አወራለሁ።

ልጁ አሁን ዓመት አልፎታል፤ ግድግዳ ይዞ ይሄዳል። ስሙን ጠርቼው ቶሎ ካልዞረ ደጋግሜ እጠራዋለሁ። ሌላው ሰው የልጅ ጨዋታ ያየበታል፤ እኔ ያቺን ቀን እፈልግበታለሁ።

እማዬ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የምታነብላት ምሕረት ናት። ፊት ለፊት መናገር አቅቶኝ ነው እዚህ የጻፍኩት። ምሕረት፣ እዚህ ድረስ አንብበሽላት ከሆነ ቀና በይና እያት። «እማዬ፣ መሣሪያው ደህና ነበር፤ ጥፋቱም የአንቺ አልነበረም» በያት።